የእጅ ስልክና የአሶሳ ጓዳ

«ዛሬስ ምን እሠራለሁ?» ብላ ጓዳዋን ያልቃኘች የቤት እመቤት አትገኝም። ጥያቄው የቈየ ነው፤ አሁን ግን የእጅ ስልክም መልስ እሰጣለሁ ብሎ ተነሥቷል። ሱፐርኩክ የሚባለውንና የመሳሰሉትን መተግበሪያዎች በቤት የሚገኘውን ሽንኩርት፥ ምስር፥ ቲማቲም አንድ በአንድ የነገሯቸው እንደ ሆነ፥ በዚያው ሊሠራ የሚችለውን የምግብ ዓይነት ይዘረዝራሉ። ገበያ ሳይወጡ ያለውን አብቃቅቶ ለማደር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ነገር ግን መሣሪያው የሚያውቀው የጻፉለትን ብቻ ነውና፥ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ወደ አሶሳ ወስደን እንፈትነው።

ወሩ ነሐሴ ነው እንበል። ዝናሙ አላባራም፤ አዲሱ ማሽላ ገና በማሳ ላይ ነው፤ አገሩ የታወቀበት ማንጎም ካለቀ ሰንብቷል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው። እንግዲህ ጐተራው የሚጐድልበትና ቅቤና ወተት የሚቀርበት ጊዜ አንድ ላይ ገጠመ ማለት ነው። በጓዳው የቀረው ጥቂት የማሽላ ዱቄት፥ አንድ እፍኝ ለውዝና ከጓሮ የተለቀመ ባሚያ ቢሆን፥ ስልኩ ምን ይመልስ ይሆን? ዱቄት ሲባል የስንዴ መስሎት ኬክ እንዳያዝዝ እሠጋለሁ።

የበርታና የጉሙዝ እናቶች ግን አይቸገሩም። ማሽላውን ገንፎ ያገነፉታል፤ ባሚያው በገዛ ልዝቡ ወጡን ስለሚያወፍረው ቅቤ የሌለበት መሆኑ እምብዛም አይታወቅም። ለውዙ ተቈልቶና ተወቅጦ ሲገባበት ደግሞ ወጡ ቅባት ያገኛል። በአሶሳና በፓዌ አካባቢ አኩሪ አተር ስለሚዘራ፥ ያ የተገኘ እንደ ሆነ በሚገባ አብስሎ ከማሽላው ጋር መመገብ ለልጆች እጅግ ይጠቅማል፤ ማሽላ የሚጐድለውን የሰውነት መገንቢያ አኩሪ አተር ይሞላዋልና።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን የቀርከሃ ቡቃያ ነው። የአሶሳ አገር የቆላ ቀርከሃ ሀብት አለው፤ ቡቃያውም በክረምቱ ዝናም ጐተራ በሚጐድልበት ወራት ብቅ ይላል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ ለሰፈሩት ቤተ ሰቦች ይህ ምግብ እንግዳ ነበረ፤ አሠራሩን ከጎረቤት በቀር ማን ሊያሳያቸው ይችል ነበር? ቡቃያው በጥሬው ሳለ በሆድ ውስጥ ወደ ሳያናይድ መርዝ የሚለወጥ ነገር አለበት። የሩቅ ምሥራቅን ምግብ የሚያስተምሩ ብዙ ጽሑፎች ግን ቀድሞ ተቀቅሎ በቈርቈሮ የታሸገውን በልባቸው ይዘው፥ «ለጥቂት ደቂቃ አቍላላው» ብለው ያልፋሉ። ስልኩም ይህንኑ ቢደግም፥ ትኩሱን ከጫካ ያመጣች እናት ቤተ ሰቧን ለአደጋ አጋለጠች ማለት ነው።

ስለዚህ ቅርፊቱን ልጦ፥ በስሱ ከትፎ፥ ድስቱን ሳይከድኑ በብዙ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ መቀቀል፥ ውሃውንም ለወጥ ሳያስቀሩ መድፋት ያስፈልጋል። ከዚያ ጥቂቱን ሲቀምሱት አሁንም የሚመር ከሆነ፥ አዲስ ውሃ አድርጎ እንደገና መጣድ ነው።