ቁስል ሲያጥቡ ኖረው “ልብስ አጣቢ” የተባሉት ሴቶች

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ አባቶቻችን። መዝገቡን የያዘው ሰው የሚገባውን ቃል ሳይጽፍ ቢቀርስ? በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865) የሰሜኑን ጦር ቁስለኞች ያስታመሙ፣ ከባርነት የወጡ ጥቁር ሴቶች ይህ ደርሶባቸዋል።

ሱዚ ኪንግ ቴይለር በ1848 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ጥቁር ማስተማር ወንጀል በሆነበት ዘመን፣ ሳቫና ከተማ ውስጥ መጽሐፏን በወረቀት ጠቅልላ፣ ከፖሊስ ዓይን ሸሽጋ ፊደል ቆጠረች። በ1862፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከዘመዶቿ ጋር ወደ ሰሜኑ ጦር አመለጠች። በጥቁሮች ክፍለ ጦር ውስጥ ጠመንጃ ወለወለች፣ ወታደሮችን ማንበብ አስተማረች፣ ቁስለኞችን አስታመመች። ጦሩ የመዘገባት ግን በልብስ አጣቢነት ነው። ከ4 ዓመት በላይ አገልግላ አንድ ዶላር እንኳ እንዳልተከፈላት ራሷ ጽፋለች።

በ1892 የአሜሪካ ምክር ቤት ለጦርነቱ ነርሶች በወር 12 ዶላር ጡረታ ፈቀደ። ሕጉ የጠየቀው በነርስነት ተቀጥሮ ቢያንስ 6 ወር ማገልገልን ነው። “ልብስ አጣቢ” ወይም “ወጥ ቤት” ተብላ የተጻፈች ሴት ምን ያህል ቁስል ብታጥብ ይህን ማስረዳት ከየት ታምጣ?

ስመ ጥሩዋ ሐሪየት ተብማን እንኳ አልቀናትም። ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወልዳ ያመለጠችው ይህች ሴት ለሰሜኑ ጦር ሰላይም አስታማሚም ነበረች። በተቅማጥ የሚያልቁትን ወታደሮች ሥራ ሥር እያፈላች ታክም ነበር። በ1895 የተፈቀደላት ግን በሟች ባሏ ስም በወር 8 ዶላር ብቻ ነው። ምክር ቤቱ የራሷን የነርስነት አገልግሎት ቆጥሮ ጡረታዋን ወደ 20 ዶላር ያሳደገላት በ1899፣ ጦርነቱ ካበቃ ከ34 ዓመት በኋላ ነው።

በአንጻሩ አን ስቶክስን እንመልከት። እሷም ከባርነት የወጣች ናት። በ1863 “ሬድ ሮቨር” በተባለችው የባሕር ኃይሉ የሆስፒታል መርከብ ላይ ስታስታምም ስሟ በመርከቡ መዝገብ ሰፍሮ ነበር። በ1890 በገዛ አገልግሎቷ በወር 12 ዶላር ጡረታ አገኘች። የሱዚና የአን ሥራ አንድ ነው፤ የለያያቸው በመዝገብ ላይ ያለ አንድ ቃል ነው።

በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ስሠራ የተማርኩትም ይህንኑ ነው፦ ሰውን ከታሪክ ለማውጣት ስሙን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ማዕረጉን መቀየር ይበቃል።

ሱዚ ግን አልተቀመጠችም። በ1902 የጦር ሜዳ ትዝታዋን በራሷ እጅ ጽፋ አሳተመች። ዛሬ የምናውቃት በዚያ መጽሐፍ ነው። በ2023 የሳቫና ከተማ ምክር ቤት፣ በባርነት ጠበቃው በካልሁን ስም ይጠራ የነበረውን አደባባይ በእሷ ስም እንዲሰየም ወሰነ።

በአረብ አገርና በአሜሪካ በየሰው ቤት ሽማግሌና በሽተኛ የምታስታምሙ እህቶቻችን ሆይ! ቀጣሪዎቻችሁ “የቤት ሠራተኛ” ብለው ጽፈዋችሁ ይሆናል። እናንተ ግን የሠራችሁትን በደብተራችሁ አስፍሩ። ሌላው እስኪጽፍላችሁ አትጠብቁ።

ቸር ያሰንብተን!