ትንፋሻችሁ ከሁሉም ቀድሞ ይመለሳል

ስለ ሲጋራ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከሳንባ ካንሰር ይጀምራል። ካንሰሩ እውነት ነው። ግን የ25 ዓመት ወጣት በ60 ዓመቱ ሊመጣ የሚችል ሕመም ፈርቶ ዛሬ የለኮሰውን አይጥልም። ስለዚህ ዛሬውኑ እየጎደለን ስላለው ነገር ልጻፍላችሁ፤ ስለ ትንፋሽ። ዓመታት አጭሼ ያቆምኩ ሰው ስለሆንኩ ጉዳዩ የሚያገባኝ ይመስለኛል።

የአዲስ አበባችን የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው ያለው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ሰው ከሚያገኘው በሩብ ገደማ ያንሳል። እኛ ተወልደን ስላደግንበት ሰውነታችን ለምዶታል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን ሻንጣውን ይዞ ሁለት ፎቅ ሲወጣ እንዴት እንደሚያለከልክ አይተናል። አሁን በዚህ ላይ ሲጋራ ጨምሩበት። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። በር ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን ሌሊቱን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል፣ ቶሎም አይለቅም። ድሮም ኦክስጅን በሚያንስበት ከተማ እየኖርን፣ ያለችንንም እንቀንሳለን ማለት ነው።

ሰሚት፣ አያት፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ይህን ለመለካት ማሽን አያስፈልጋችሁም። 4ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይወጣል፣ ጋዝ ይወጣል፣ ጤፍ ይወጣል። ብዙ አጫሽ 2ኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ስልክ የተደወለለት መስሎ ይቆማል። እኔ ሲጋራ ካቆምኩ በኋላ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ለውጥ እዚያው ደረጃ ላይ ነበር፤ የጎረቤታችንን የእማማን ጀሪካን ይዤ እያወራኋቸው ላይ ደረስኩ። ያን ቀን ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለሚያጨስ ሰው በቃል ማስረዳት ይከብደኛል።

ለውጡ የሚጀምረው ደግሞ በጣም በፍጥነት ነው። የመጨረሻዋን ሲጋራ ካጠፋችሁ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት መቀነስ ይጀምራል። ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤነኛ መጠን ይወርዳል። ከሁለት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ የደም ዝውውርና የሳንባ አቅም ይሻሻላል፤ በቀጣዮቹ ወራት ሳልና ትንፋሽ ማጠር ይቀንሳል። አንድ ዓመት ሲሞላ ሲጋራው በልብ ላይ የጨመረው አደጋ በግማሽ ያህል ይወርዳል።

ረመዳንን የሚጾሙ አጫሽ ወንድሞቼ ይህን ልብ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል። ከንጋት እስከ ኢፍጣር 13 ሰዓት ገደማ ሳታጨሱ ስትውሉ ደማችሁ እየጠራ ነው የሚውለው፤ ከቴምሩ ቀጥሎ የሚለኮሰው ሲጋራ ነው መልሶ የሚያበላሸው። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ከሲጋራ ርቆ ለፋሲካ የሚመለስም ጓደኛ አለን። የኒኮቲን ሐራራ በጣም የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜም ይበርዳል። ያ ጓደኛችን እንግዲህ ከባዱን ጊዜ ሁሉ ተሻግሮ፣ ቀላሉ ጋ ሲደርስ ነው የሚመለሰው። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

አሁን በእኛ ከተማ ትልቁ መሸሸጊያ ወደሆነው ነገር ልምጣ፤ «እኔ እኮ አንድ ሁለት ፍሬ ብቻ ነው» ወደሚለው። አዲስ አበባ ውስጥ ሲጋራ በፍሬ ነው የሚገዛው። ጀብሎው ካፌው በር ላይ ይቆማል፣ ማኪያቶው ይመጣል፣ አንድ ፍሬ ይለኮሳል። ፓኬት ስለማይያዝ ሰውዬው ራሱን ከአጫሽ አይቆጥርም። በ2018 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ያሳየው ግን ሌላ ነው፤ በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ 20 የሚያጨሰው በልቡ ላይ ከሚጨምረው አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። ከ20 አንዱን ብቻ ስላጨሰ የሚደርሰው አደጋም አንድ ሃያኛ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ለሳንባ ካንሰር መቀነስ ለውጥ ያመጣል፤ ልብና የደም ሥር ግን በጥቂት ጭስም ይጎዳሉ። ስለዚህ በቀን ሦስት የምታጨሱ፣ ማቆም እናንተንም ይመለከታል፤ እንዲያውም ከማንም ይልቅ ለእናንተ ይቀላል። ገንዘቡንም እንደዚሁ በፍሬ ስለምንከፍል አናየውም። ዛሬ የከፈላችሁትን በ30 አባዙና ከቤት ኪራይ ወይም ከልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ጎን አስቀምጡት።

«አሁንማ ረፍዷል» ለምትሉ ታላላቆቼ ሪቻርድ ዶል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም አለላችሁ። ራሱም አጫሽ ነበር፤ ሲጋራና የሳንባ ካንሰርን የሚያገናኘው የጥናቱ ውጤት ሲገባው አቆመ። ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ34,000 በላይ የብሪታንያ ወንድ ሐኪሞችን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ለ50 ዓመት ተከታተለ። ያላቆሙት በአማካይ ከማያጨሱት 10 ዓመት ቀድመው ሞቱ። በ30 ዓመታቸው ያቆሙት ያንን 10 ዓመት ከሞላ ጎደል አተረፉ፣ በ40 ያቆሙት 9፣ በ50 ያቆሙት 6፣ በ60 ያቆሙትም 3 ዓመት። ጡረታ ወጥቶ ያቆመ አባት ሦስት ዓመት አገኘ ማለት የልጅ ልጁን ትምህርት ቤት ሲገባ ያያል ማለት ነው። ዶል ራሱ በ92 ዓመቱ ነው ያረፈው።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ኢትዮጵያዊ አዋቂ ከ100 ሰው 5 ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ጄቲአይ ንያላ ሲጋራን የሚያመርተውን የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት ተጨማሪ ድርሻ ገዝቶ ከ70 በመቶ በላዩን ያዘ። ይህን ያህል ገንዘብ ለእነዚያ አምስት ሰዎች ብቻ ተብሎ ይወጣል ብዬ አላምንም። የሚጠበቁት ገና ያልጀመሩት ናቸው፤ ቅዳሜ ማታ ቦሌ የሚዝናኑት ታናናሾቻችን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥን፣ በዝግ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎችና በሥራ ቦታ ማጨስን፣ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መነገድን የከለከለው በከንቱ አይደለም። ከእነዚህ ቦታዎች በርና መስኮት በ10 ሜትር ክልል ውስጥም አይጨስም። ሕጉ የማይደርስበት ሳሎናችን ግን አለ። ልጅ በተኛበት ቤት በረንዳ ላይ ወጥቶ ማጨስ በቂ መከላከያ አይሆንም፤ ጭሱ በክፍት በር ይመለሳል።

ማቆም ለፈለጋችሁ የጠቀመኝን ልንገራችሁ። ቀን ቁረጡ፣ ለቤተሰብ ተናገሩ፣ ላይተሩን ከቤት አውጡ። ሐራራው ሲመጣ የማያልፍ ይመስላል፤ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው። ውሃ ጠጡ፣ ቆሎ ያዙ፣ ተነስታችሁ ተራመዱ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጫትና ቢራ ካለበት ራቁ። ጫት እየቃመ ሲጋራ ያቆመ ሰው እኔ አላጋጠመኝም፤ ምርቃናውና ጭሱ አብረው ነው የሚጠሩት። በሠርግ ላይ አንድ ፍሬ ካመለጣችሁም በማግስቱ ቀጥሉ፣ እንደ አዲስ ከዜሮ አትቁጠሩት።

ለብቻ ከከበዳችሁ ሐኪም አማክሩ። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። በየፋርማሲው የሚደረደሩ ስላልሆኑ እየጠየቃችሁ ፈልጉ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ከማቆማችሁ በፊት ለሐኪማችሁ የግድ ንገሩ። ጭሱ ጉበት እንደ ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ያሉ መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ሲጋራው ሲቀር መድኃኒቱ ደም ውስጥ ስለሚበዛ መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።