የቤት እባብ፦ ይታቀፋል ወይስ ይታያል?

በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች እባብ ማሳደግ እንደ ውሻና ድመት ባይስፋፋም ብርቅ አይደለም። የቤት እንስሳት መደብር የገባ ሰው ከዓሣውና ከወፉ አለፍ ሲል፣ መብራት በበራለት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛ እባብ ያገኛል። ቨርጂኒያ ወይም ሚኒሶታ ያደገ የሐበሻ ልጅ ጓደኛው ቤት አይቶ መጥቶ «እማዬ፣ እኔም እባብ ይገዛልኝ» ሲል እናቱ ብታማትብ የሚፈርድባት የለም። በእኛ ትውፊት እባብ ጨብጠው መልካም የገጠማቸው አቡነ አረጋዊ ናቸው፤ እሳቸውም ደብረ ዳሞ ለመውጣት እንጂ ለመዝናናት አልነበረም።

እባብ አሳዳጊዎቹ ራሳቸው የሚከራከሩበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው፦ እባቡ ቤት ከገባ በኋላ ምን ይደረጋል? አንዱ ወገን በየቀኑ ከሳጥኑ እያወጣ ክንዱ ላይ ያስኬደዋል፣ አንገቱ ላይ ይጠመጥመዋል፣ ፎቶ ይነሳበታል። ሌላው እንደ ዓሣ ገንዳ ከመስታወቱ ማዶ ቁጭ ብሎ ያየዋል፤ ለጽዳትና ለሕክምና ካልሆነ በቀር አይነካውም። የትኛው ይሻላል የሚለኝ ቢኖር፣ አብዝቶ ይይ፣ አልፎ አልፎ ይያዝ እላለሁ። በጭራሽ አለመንካትም የራሱ ጣጣ አለው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ እባብ ከሰው እጅ ምን እንደሚያገኝ እንይ። ውሻ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ሲደባብሱት ደስ ይለዋል፣ ሲለዩት ይናፍቃል። ለቤት የሚሸጡት እባቦች አብዛኞቹ ግን ኑሯቸው ለብቻ ነው። ከላይ መጥቶ የሚጨብጣቸው ትልቅ ነገር በተፈጥሮ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ ጭልፊት ወይም ሌላ አዳኝ ነው። ስለዚህ አዲስ የመጣ እባብ እጅ ሲያይ ይፈራል። ያው እጅ ደጋግሞ በእርጋታ ሲነካውና ምንም ሳይጎዳው ሲቀር ፍርሃቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ መልመድ ነው፤ ሻጮችና ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ፍቅር ይሉታል። እጅጌ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥበትም ምክንያት ቀላል ነው። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ ነው፤ እጅጌያችን ደግሞ ሞቃት፣ ጠባብና ጨለማ ነው። እሱ የሚፈልገው መደበቂያ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ሰው በቀላሉ የሚታለልበት እባብ ቦል ፓይተን የሚባለው ነው። ትውልዱ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ድረስ ባለው የአፍሪካ ምድር ሲሆን፣ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት ወደ ውጭ ይላካል። ቢያድግ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ መርዝ የለውም፣ እምብዛም አይናከስም። ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባለው ከተማ የፓይተን ቤተ መቅደስ አለ፤ እባቦቹ የተከበሩ ናቸው፣ ጎብኚ ሲመጣም አንገቱ ላይ ይደረጉለታል። ጎብኚው «እንዴት ለማዳ ነው!» ብሎ ይወጣል። ነገር ግን ይህ እባብ ሲፈራ የሚያደርገው ጭንቅላቱን መሐል አስገብቶ እንደ ኳስ መጠቅለል ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። ዝም ማለትና አለመንቀሳቀስ መከላከያው ነው። ስለዚህ እጅ ላይ ድርቅ ብሎ የተቀመጠ ቦል ፓይተን ተረጋግቶ ሊሆን ይችላል፣ ፈርቶም ሊሆን ይችላል። ለመለየት ሰውነቱን ማየት ነው። የተረጋጋው በዝግታ ይንቀሳቀሳል፣ ጡንቻው ላላ ይላል፣ ምላሱን ረጋ አድርጎ እያወጣ አካባቢውን ያሸታል። የፈራው ወይ ይጠቀለላል፣ ወይ ለማምለጥ ይጣደፋል፣ ወይ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ለመንደፍ ይዘጋጃል። አንዳንዱ ደግሞ ከጅራቱ ሥር በጣም የሚሸት ፈሳሽ ይለቅና ባለቤቱን ልብስ ያስቀይረዋል።

እንግዲህ አለመንካት ይሻላል? ሙሉ በሙሉ አይደለም። እባብ ይታመማል። በቅርፊቶቹ መካከል ትናንሽ ጥቁር ነጥብ የሚመስሉ ተባዮች ይራቡበታል፤ አፉ ይቆስላል፤ ሲተነፍስ ያፏጫል፤ ቆዳውን ሲጥል ጫፉ ጅራቱ ላይ ወይም ዓይኑ ላይ ይቀርበታል። ይህን ሁሉ በጊዜ የሚያውቀው እጁ ላይ አድርጎ የሚያገላብጠው ሰው ነው። ዓመት ሙሉ ያልተነካ እባብ በታመመ ቀን ሐኪም ጋ መውሰድ ለእሱም ለሰውየውም ፈተና ይሆናል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ሁለቴ፣ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ልምዱ እንዳይጠፋ ያህል መያዝ ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ያለው ለሰውየው ደስታ ነው፤ ኃጢአት አይደለም፣ ግን ለእባቡ ብዬ ነው አይበል።

የማይነካበት ጊዜም አለ። አዲስ እባብ ቤት ሲገባ ቢያንስ ሳምንት፣ ቢቻል እስኪበላ ድረስ ይተዋል። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አይያዝም። እባብ ያደነውን ሳያኝክ በሙሉ ስለሚውጥ ለመፍጨት ሙቀትና ዕረፍት ይፈልጋል፤ ከተረበሸ ምግቡን መልሶ ያወጣዋል፣ ይህም ጉሮሮውን ይጎዳዋል፣ ከደጋገመውም ሊገድለው ይችላል። ዓይኑ ሰማያዊ መስሎ ሲደፈርስ ቆዳውን ሊጥል ነው ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ በደንብ ስለማያይ ይደነግጣል፣ ሊናከስም ይችላል። አይጥ የነካ እጅም ሳይታጠብ አይቅረብ። ጀማሪዎች ከሚነከሱበት ብዙው ምክንያት ይኸው ነው፤ እባቡ የሸተተው ምግብ ነው፣ የነከሰው ምግቡን ነው። አንዳንድ ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች ሳጥኑን ሲከፍቱ በመንጠቆ ወገቡን ቀስ ብለው ይነኩታል፤ ሲደጋገም «ይህ ምግብ አይደለም» የሚል ምልክት ይሆንለታል። ሲያነሱት ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው፤ ወገቡን ደግፎ፣ በሁለት እጅ፣ እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ እየለቀቁ። ጭንቅላቱን መጨበጥና በጅራቱ ማንጠልጠል የለም።

አሁን ወደ ማየቱ። ሰዎች «እባብ ማየት ምን ደስታ አለው፣ ሲተኛ ውሎ ሲተኛ ያድራል» ይላሉ። ጋዜጣ በተነጠፈበት መሳቢያ ውስጥ ከአንድ የውሃ ሳሕን ጋር ለተቀመጠ እባብ ይህ እውነት ነው። ብዙ አርቢዎች እንዲህ ባሉ ተደራራቢ መሳቢያዎች ያስቀምጧቸዋል፤ ለማጽዳት ይቀላል፣ ቦታ ይቆጥባል። የሚታይ ነገር የሌለው የሚሠራ ነገር ስለሌለ ነው። ቤቱ ሲለወጥ እባቡም ይለወጣል። እባቡ ርዝመቱን ሙሉ ተዘርግቶ የሚተኛበት ስፋት፣ አንዱ ጫፍ ሞቃት ሌላው ቀዝቀዝ ያለ፣ በሁለቱም በኩል መደበቂያ፣ የሚወጣበት ቅርንጫፍ፣ የሚሽሎከለክበት ቅጠልና አፈር ያስፈልገዋል። ለቦል ፓይተን ሞቃቱ ቦታ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀዝቃዛው ከ25 እስከ 27 ቢሆን ይስማማዋል፤ ማሞቂያው ደግሞ ያለ ቴርሞስታት አይሰካ፣ እባብ ሆዱ እየተቃጠለ ዝም ብሎ ሊተኛ ይችላል። ክዳኑ መቆለፊያ ይኑረው። እባብ ከምናስበው በላይ በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካል።

አሜሪካ ውስጥ በቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ጎርደን በርግሃርት የእንስሳትን ባሕርይ ሲያጠኑ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሥራ ይህንኑ ይመለከታል። ራት ስኔክ የሚባሉትን እባቦች ከፊሎቹን ባዶ ሳጥን ውስጥ፣ ከፊሎቹን መውጫ መውረጃ ባለው ቤት አሳደጓቸው፤ በኋላ ሲፈተኑ የሁለቱ ጠባይ ተለያይቶ ተገኘ፣ ቤቱ የተሟላላቸው ይበልጥ ቀልጣፎች ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ደግሞ ኮርን ስኔክ የሚባሉ ወጣት እባቦች ክብ ሜዳ ላይ ተለቀው ማምለጫው ቀዳዳ የት እንዳለ በልምምድ እንደሚማሩ አሳይቷል። እባብ ደንቆሮ ነው የሚለው ወሬ የመጣው ከባዶው ሳጥን ይመስለኛል።

ቦል ፓይተንን «ድንጋይ ነው፣ አይንቀሳቀስም» የሚሉ አሉ። ናይጄሪያ ውስጥ በዱር የተጠኑት ግን ሌላ ነገር አሳይተዋል። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ ወፍ አብዝተው ይበላሉ፤ ዛፍ ላይ ይወጣሉ ማለት ነው። ለዚህ እባብ ጠንካራ ቅርንጫፍ ሰጥቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቁጭ ያለ ሰው ሲወጣ ያየዋል። ምላሱ ሲገባና ሲወጣ ሽታ ይሰበስባል፤ ምላሱ ሹካ የሆነው ሽታው ከግራ ይምጣ ከቀኝ ለመለየት ነው፤ የሰበሰበውንም ላንቃው ላይ ላለ የማሽተቻ አካል ያደርሳል። ከንፈሩ ላይ በተርታ ያሉት ጉድጓዶች ደግሞ ሙቀት ይለያሉ፣ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ የአይጥን ገላ በሙቀቱ ያውቀዋል። ቆዳውን ሲጥል አፍንጫውን ሻካራ ነገር ላይ አሽቶ ከከንፈሩ ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየገለበጠ ይወጣል፤ የዓይኑ ሽፋን ሳይቀር አብሮ ይወልቃል። የዓይን ቆብ የለውምና ዓይኑን የሚሸፍነው ያው ቆዳ ነው። ይህን በእጅ ይዞ ማንም አያየውም።

አንዳንዱ ዝርያ ጨርሶ ለማየት ብቻ የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከኒው ጊኒና ከሰሜን አውስትራሊያ የሚመጣው ግሪን ትሪ ፓይተን ሲወለድ ቢጫ ወይም ቀይ ነው፣ እያደገ አረንጓዴ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ራሱን መሐል አድርጎ ይውላል፤ ሲርበው የጅራቱን ጫፍ እንደ ትል እያንቀሳቀሰ አደን ይስባል። ከቅርንጫፉ ጎትቶ ማላቀቅ ጅራቱንና አከርካሪውን ሊሰብረው ይችላል። የእኔ ምርጫ ግን እንቁላል በሉ እባብ ነው፤ ዘመዶቹ ኢትዮጵያም ውስጥ ይኖራሉ። ጥርስ የለውም ማለት ይቻላል። ከጭንቅላቱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ እንቁላል አፉን እየዘረጋ ይውጣል፣ ጉሮሮው ውስጥ ወደ ታች በወጡ የአከርካሪ አጥንቶች ቅርፊቱን ይሰነጥቃል፣ ፈሳሹን አውርዶ ቅርፊቱን ጨፍልቆ መልሶ ይተፋዋል። የወፍ እንቁላል ብቻ ስለሚበላና ትንሽ እንቁላል ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ለጀማሪ አይመከርም እንጂ፣ እንዲህ ያለ ትርኢት ለማየት ሰው ትኬት ይገዛ ነበር።

መርዛሞቹን በተመለከተ ክርክሩ የለም። ቺካጎ በሚገኘው ፊልድ ሙዚየም የሠሩት ካርል ሽሚት በዘመናቸው ከታወቁት የእባብ ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 እንዲለዩት የመጣላቸውን ቡምስላንግ የሚባል ወጣት መርዛም እባብ ይዘው ሲመረምሩ አውራ ጣታቸውን ነከሳቸው። ቁስሉ ትንሽ ስለነበር አልተጨነቁም፤ የሚሰማቸውን ሁሉ እየመዘገቡ በማግስቱ ሞቱ። አገራችን ውስጥ ብቻ የሚገኘው የደጋ እፉኝት፣ ለሳይንስ የታወቀው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በውበቱ ምክንያት ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከባሌ ተራሮች ሌላ ዘመዱ ተለይቶ ታወቀ። እነዚህን ማየትም ቢሆን ፈቃድና ልዩ ቁልፍ ያለው ቤት ይጠይቃል፤ የዱሩን መያዝማ ጭራሽ አይታሰብ።

ልጅ ላለው ቤት የሚጨመር ነገር አለ። እባብ ጤነኛ መስሎ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሕዋስ ሊሸከም ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች እባብም ሆነ እንሽላሊት እንዳይነኩ ይመክራል፤ ሌላውም ከነካ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ የእባቡ ዕቃ ወጥ ቤት አይታጠብ። ሕጉም በየቦታው ይለያያል። ሃዋይ እባብ ማሳደግ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ መንግሥት ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ የተራባውን የበርማ ፓይተን ጨምሮ አንዳንድ ግዙፍ ዝርያዎችን ከውጭ እንዳይገቡ ሲከለክል፣ እኛ ዘንዶ የምንለው የአፍሪካ ሮክ ፓይተንም ከዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ከዚህ ሌላ አከራይህን ጠይቅ፤ «እንስሳ አይፈቀድም» የሚለው ውል እባብንም ይጨምራል።

ከሁሉም በላይ ወላጅ ዕድሜውን ያስብ። ቦል ፓይተን በአግባቡ ከተያዘ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይኖራል። ሴንት ሉዊስ ለሚገኘው መካነ አራዊት አንዷ እ.ኤ.አ. በ1961 ከግለሰብ ተሰጥታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗት፣ ወንድ ሳያገኛት ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይታ እንቁላል ጥላለች። የአሥር ዓመት ልጅ የሚገዛለት እባብ ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ገና ጎረምሳ ነው፤ አይጥ ከማቀዝቀዣ አውጥቶ በሞቀ ውሃ የሚያቀልጥለት ያኔ እናትየው ትሆናለች። እሷ አዘውትራ ባትነካውም ግድ የለም፤ ውሃውን ከቀየረች፣ ሙቀቱን ካየች፣ ማታ ማታ ቡናዋን ይዛ ፊት ለፊቱ ከተቀመጠች እባቡ የጎደለበት ነገር የለም።