ሽያጭ የተባለው ዘረፋ

በአማርኛ «ወረሰ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ልጅ ከአባቱ ይወርሳል፤ መንግሥትም ከባለቤቱ ይወርሳል። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት የተወረሰበት ሰው የኋለኛውን ትርጉም ማንም አያስረዳውም። ናዚዎች በአይሁድ ነጋዴዎች ላይ የፈጸሙት ግን በዚህ ቃል ብቻ አይገለጽም፤ ለብዙ ዓመታት በወረቀት ላይ የሰፈረው «ሽያጭ» ነበርና። ውል ነበር፣ ዋጋ ነበር፣ ፊርማና ማኅተም ነበር፤ የሻጩ ፈቃድ ግን አልነበረም። ጀርመኖች ይህን «አሪዚሩንግ» ይሉታል፤ ንብረትን ወደ «አርያን»፣ ማለትም አይሁድ ወዳልሆነ ጀርመናዊ፣ እጅ ማዛወር ማለት ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ በጀርመን የነበሩት አይሁድ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከሕዝቡ አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም። የንግድና የሙያ ድርጅቶቻቸው ወደ 100,000 ይገመታሉ። ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ትልልቆቹ መደብሮችና ባንኮች ነው። አብዛኞቹ ግን ባልና ሚስት የሚሠሩባቸው ትንንሽ ሱቆች፣ ልብስ ስፌት ቤቶችና የጫማ መሸጫዎች ነበሩ። በሄሰንና በባቫሪያ ገጠር ደግሞ ከብት ነጋዴዎች ነበሩ። ገበሬው ከእነሱ በዱቤ ላም ያገኝ ስለነበር የፓርቲው ሰዎች እየተቆጡም ለዓመታት ደንበኝነቱን አልተወም።

ቅዳሜ ኤፕሪል 1 ቀን 1933 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቡናማ ሸሚዝ የለበሱ የናዚ ፓርቲ የኤስ.ኤ. ጓድ አባላት በየሱቁ በር ላይ ቆሙ። መስተዋቱ ላይ ኮከብ ተቀባ፤ «ከአይሁድ አትግዙ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ተዋግቶ የተሸለመውን ሜዳይ ደረቱ ላይ ሰክቶ ከእነዚያ ወጣቶች ጎን በገዛ ሱቁ በር የቆመ ነጋዴም ነበር። እገዳው በይፋ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሕዝቡም እንደተጠበቀው አልተባበረም፤ ሆን ብለው ገብተው የገዙ ሰዎች ነበሩ።

ከባዱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ያለ ጩኸት ነው። ባንክ ብድር ይከለክላል፤ ዕቃ አቅራቢ ይዘገያል፤ ማዘጋጃ ቤት ውል ያቋርጣል፤ ጋዜጣ ማስታወቂያ አይቀበልም። የሄርማን ቲትዝ የመደብሮች ሰንሰለት በ1933 ዕዳ ሲጫነው አበዳሪዎቹ ባንኮች ቤተሰቡ ከድርጅቱ እንዲወጣ አደረጉ። መደብሩ «ኸርቲ» ተባለ። ይህ ስም የተቀነጨበው ከዚያው ከሄርማን ቲትዝ ስም ነው፤ ቤተሰቡን አስወጥተው የስሙን ፊደላት አስቀሩ። በካርል ጆኤል ላይ የሆነውም ከዚህ አይርቅም። የአሜሪካዊው ዘፋኝ የቢሊ ጆኤል አያት ናቸው። በኑረምበርግ የመሠረቱትን በፖስታ ልብስ የሚሸጥ ድርጅት በ1938 ለዮሴፍ ኔከርማን ለመሸጥ ተገደው ወደ ስዊዘርላንድ ሸሹ፤ የሽያጩ ገንዘብ ግን እጃቸው አልገባም።

1938 መጋረጃው የተቀደደበት ዓመት ነው። በኤፕሪል ከ5,000 ማርክ በላይ ሀብት ያለው አይሁዳዊ ሁሉ ያለውን እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። በኖቬምበር 9 ሌሊት ናዚዎች በአይሁድ ላይ ባስነሡት ጥቃት ወደ 7,500 ሱቆች ተሰባበሩ፤ 30,000 ያህል ወንዶች ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዙ። ከሦስት ቀን በኋላ ከሂትለር ዋና ሹሞች አንዱ የነበረው ጎሪንግ ባለሥልጣኖቹን ሰብስቦ ለደረሰው ጥፋት በተበዳዮቹ ላይ የአንድ ቢሊዮን ማርክ ቅጣት ጣለ። የተሰበረውን መስተዋት ባለሱቁ በራሱ ኪስ ያስጠግን፣ የኢንሹራንሱን ካሳ መንግሥት ይውሰድ ተባለ። ከጃንዋሪ 1939 ጀምሮም አይሁዳዊ ሱቅ ይዞ መነገድ በሕግ ተከለከለ።

ሒሳቡን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ነጋዴ ሌላ ሀብት ሳይኖረው ሱቁን በ100,000 ማርክ ሸጠ እንበል። ዋጋው ድሮውንም ዝቅ ያለ ነው፤ በዘመናት ያፈራው ስምና ደንበኛ ምንም አልታሰበለትም። ከአገር ለመውጣት 25 በመቶ «የሽሽት ግብር» ይከፍላል። የዚያ የቢሊዮን ማርክ ቅጣት ድርሻው መጀመሪያ 20፣ በኋላ 25 በመቶ ነው። የቀረው 50,000 በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል። ወደ ውጭ ገንዘብ ሲመነዘር በ1939 ከመቶ የሚደርሰው አራት ያህል ነበር። የዕድሜ ልክ ድካሙ 2,000 ማርክ ሆኖ ወጣ።

ይህን ሁሉ የሠራው ማን ነው? ታሪክ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ይለያያሉ። አቭራሃም ባርካይ የመንግሥቱን ፖሊሲ ደረጃ በደረጃ ተከትሏል። ጎትዝ አሊ ተራው ጀርመናዊ ሁሉ የዘረፋው ተቋዳሽ ነበር እስከ ማለት ሄዷል፤ ስሌቱ ግን ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል። እኔን ያሳመነኝ ሐምቡርግን ያጠናው ፍራንክ ባዮር ነው። በሥራው ጎልተው የሚታዩት የፓርቲው የኢኮኖሚ አማካሪ፣ ተፎካካሪው ነጋዴ፣ ደላላውና የግብር ሹሙ ናቸው። ብዙዎቹ አይሁድን በእጃቸው አልመቱም፤ ወረቀቱን ግን አንቀሳቀሱ።

ጦርነቱ ሲሰፋ የሽያጩ ጭምብልም ወለቀ። በአምስተርዳም በአንድ የታወቀ የአይሁድ ባንክ ስም፣ በሊፕማን ሮዘንታል፣ የዘረፋ ቢሮ ተከፍቶ አይሁድ ገንዘባቸውን እዚያ እንዲያስገቡ ተገደዱ። በፈረንሳይ ከጀርመን ጋር የተባበረው የቪሺ መንግሥት በየድርጅቱ «ጊዜያዊ አስተዳዳሪ» ሾመ። በኖቬምበር 1941 የወጣው ደንብ ደግሞ የጀርመንን ድንበር ያለፈ አይሁዳዊ ዜግነቱንም ንብረቱንም ያጣል አለ። በባቡር ታጭቆ ለሞት የተወሰደውም እንደ ወጣ ተቆጠረ።

ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካኖቹ ቀጠና በ1947 የወጣው 59ኛው ሕግ ንብረት እንዲመለስ አዘዘ። በምሥራቅ ጀርመን ግን የተመለሰ የለም ማለት ይቻላል፤ ጉዳዩ የተከፈተው ከ1990 በኋላ ነው። የአይሁድ ቤተሰብ ስለነበረው የቬርትሃይም መደብር የበርሊን ይዞታዎች የተነሣው ክርክር የተዘጋው በ2007 በ88 ሚሊዮን ዩሮ ነው።

የመደብሮች ባለቤት የነበሩት አይሁዳዊው ሳልማን ሾከን በ1934 ጀርመንን ለቀው፣ ዛሬ በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁትን ሃአሬጽ ጋዜጣን በ1935 ገዙ። መደብሮቻቸው በ1938 ወደ ጀርመን ባንኮች እጅ ገብተው «መርኩር» ተባሉ። ኤሪክ ሜንደልሶን የነደፈው የኬምኒትዝ መደብራቸው ጎበጥ ያለ ፊቱን ይዞ አሁንም ቆሟል። ከ2014 ጀምሮ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው፤ ውስጡ የሾከን ታሪክ ለጎብኚ ይታያል።