ከፒኖቹ በፊት ዘይቱን
የቦውሊንግ ወለል ሲያብረቀርቅ ያየ ጀማሪ በሰም የተወለወለ ይመስለዋል። ሰም አይደለም፤ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ማሽን የሚቀባው ስስ ዘይት ነው። ለአንድ ወለል የሚፈሰው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። ጨዋታውን የሚያከብደውም የሚያጣፍጠውም ግን እሱ ነው።

መወርወሪያው ጫፍ ላይ ካለው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን 18.29 ሜትር ነው። ወለሉ ከአንድ ሜትር ጥቂት ይሰፋል፤ ጎን ለጎን በተደረደሩ 39 ጣውላዎችም ይቆጠራል። ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 12 ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ መሐል ላይ ይወፍራል፣ ወደ ዳር ይሳሳል። ከዚያ ወዲያ ደረቅ ነው። እየተሽከረከረ የሄደ ኳስ ዘይቱ ላይ ይንሸራተትና ደረቁን ሲያገኝ ወለሉን ይዞ ይታጠፋል።

መታጠፉ ለታይታ አይደለም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች የሚያነጣጥረው በፊተኛው ፒንና በስተቀኙ ባለው 3ኛ ፒን መካከል ነው። ቀጥ ብሎ የሚመጣ ኳስ እዚያ ሲደርስ በቀላሉ ወደ ጎን ይገፋል፤ ወደ ስድስት ዲግሪ አዘንብሎ የገባው ግን ሰንጥቆ ያልፋል። የተዋጣለት ስትራይክ (አሥሩንም ፒኖች በአንድ ውርወራ መጣል) ላይ ኳሱ ራሱ የሚነካው አራት ፒኖችን ብቻ ነው፦ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውንና 9ኛውን። ስድስቱን የሚጥሏቸው ጓደኞቻቸው ናቸው። የወደቁትን መልሶ ማቆም ዛሬ የማሽን ሥራ ነው፤ የአስመራው አሮጌ ቦውሊንግ ቤት ግን ፒኖቹን በሰው እጅ በማስቆም በጎብኚዎች ዘንድ ስም አትርፏል።

ጉልበት እዚህ ብዙም አይረዳም። ክንድ ከትከሻ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ገመድ ልል ሆኖ ከተወዛወዘ፣ ፍጥነቱን የኳሱ ክብደት ራሱ ያመጣዋል። አራት እርምጃ የሚራመድ ተጫዋች ኳሱን የሚገፋው ከመጀመሪያው እርምጃ ጋር ነው፤ በመጨረሻው ግራ እግሩን አንሸራቶ ይለቃል። አውራ ጣት ቀድሞ ይወጣል፣ ሁለቱ ጣቶች ተከትለው ኳሱን ያሽከረክሩታል። አውራ ጣት ከተጣበቀ ጥፋቱ የእጅ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ቀዳዳው ልኩ አይደለም።

ዓይንስ የት ይረፍ? ፒኖቹ ላይ አይደለም። ከመወርወሪያው አራት ሜትር ተኩል ያህል ርቀው የተሳሉ ሰባት ቀስቶች አሉ፤ ቅርብ ዒላማ ከሩቅ ዒላማ ይሻላል። ኳሱ በጣም ወደ ግራ ከሄደ፣ ዓይን ከቀስቱ ሳይነሳ እግር ሁለት ጣውላ ያህል ወደ ግራ ይዛወራል። ወደ ሳቱበት አቅጣጫ መሄድ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ግን ይሠራል። ጨዋታው በገፋ ቁጥር ኳሶቹ ዘይቱን እየጠረጉ ስለሚወስዱት፣ ከሰዓት በፊት የሠራው ቦታ ከሰዓት በኋላ ላይሠራ ይችላል።

አወራወር አንድ መልክ ብቻ አለው የሚል ካለ አውስትራሊያዊውን ጄሰን ቤልሞንቴን ይመልከት። በሕፃንነቱ ኳሱ ስለከበደው በሁለት እጁ መወርወር ጀመረ፤ ሲያድግም አልተወውም። ዛሬ በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ቦውሊንግ ታላላቅ ውድድሮች የድል ብዛት ክብረ ወሰኑ የእሱ ነው።

የኳስ እንክብካቤም ዞሮ ዞሮ የዘይት ጉዳይ ነው። የፕላስቲክ ኳስ ዘይት አይጠጣም፣ ብዙም አይታጠፍም፤ ለብቻው የቀረን ፒን ለመምታት ግን የሚታመን ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተስፋፋው የሬዚን ኳስ ግን ቀዳዳዎቹ ከዓይን የደቀቁ ገጽ ስላለው ወለሉን አጥብቆ ይይዛል፤ ዘይቱንም ይመጠዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት በፎጣ ይጠረጋል፤ ጨዋታው እንዳበቃም፣ ዘይቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ፣ በኳስ ማጽጃ ይታጠባል። የጠገበውን ደግሞ የጣት ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ሸፍኖ፣ ጥቂት የዕቃ ሳሙና ጠብ ባለበት ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ መንከር ይረዳል። የፈላ ውሃ አይሆንም። የመኪና ሻንጣ ውስጥ ማሳደርም ደግ አይደለም፤ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቁበት ኳሱ ይሰነጠቃል።

የመጨረሻው ዕቃ ጫማ ነው። የቀኝ እጅ ተጫዋች የራሱ ጫማ ካለው የግራው ሶል ይንሸራተታል፣ የቀኙ ይይዛል። የሚንሸራተተው ሶል አንድ ጠብታ ውሃ ካገኘ በመንሸራተቻው እርምጃ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሰውየው ግን አይቆምም። ልምድ ያለው ተጫዋች ለሻይ ወይም ለመታጠቢያ ቤት ሲነሳ ጫማው ላይ ሽፋን የሚያጠልቀው ለዚህ ነው።