የዱር እንስሳት ቦናን እንዴት ይሻገሩታል?

የነገሌ ቦረና ሕፃን አራቱን ወቅቶች ሲማር፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ክረምት ነው፣ ዝናብም የሚዘንበው ያኔ ነው ይባላል። ሐምሌ ላይ ደጅ ወጥቶ ሲመለከት ግን ሰማዩ ደመና እንጂ ዝናብ የለውም። በካርቱን ፊልም ደግሞ በረዶ ሲወርድ ድብ ዋሻ ገብቶ ሲተኛ ያያል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን የእሱን አካባቢ አይገልጹም።

በቦረና ዓመቱ የሚከፈለው በሌላ መልክ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው ዝናብ ጋና፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀዝቃዛውና ደረቁ አዶሌሳ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጭሩ ዝናብ ሐገያ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ቦና ነው። የዱር እንስሳቱ ከባድ ፈተና ቦና ነው፤ የሚጎዳቸውም ብርድ ሳይሆን ጥማት ነው።

ታዲያ እንዴት ያልፉታል? እንሹ ቀን ቀን ቁጥቋጦ ሥር ተጠልላ ትውላለች፤ የምትሰማራው በአብዛኛው ጠዋትና ማታ ነው። ከቅጠልና ከጤዛ በምታገኘው ርጥበት ውኃ ሳትጠጣ ብዙ ጊዜ ትቆያለች። ረዘም ያለው አፍንጫዋም ደሟን ለማቀዝቀዝ ይረዳታል። አንገተ ረጅሙ ገረኑክ ደግሞ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ሌሎቹ የማይደርሱበትን ቅጠል ይቀጥፋል።

ከመሬት በታች በማኅበር የሚኖረው ጸጉር አልባ ፍልፈል ጨርሶ ውኃ አይጠጣም፤ ርጥበቱን የሚያገኘው ከሥራሥር ነው። ትልቅ ሥር ሲያገኝ ከውስጡ እየቦረቦረ ይበላል እንጂ አይጨርሰውም፤ በዚህ የተነሳ ሥሩ ተመልሶ ያድጋል። አንዳንድ የቆላ እንቁራሪቶችም አፈሩ ሳይደርቅ ራሳቸውን ቀብረው ዝናብ እስኪመጣ ይተኛሉ። ሕፃኑ በፊልም ካየው የድብ እንቅልፍ ጋር የሚመሳሰለው ይህ ነው።

ሰውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ቦረናዎች ለቦና ጊዜ፣ በተለይም ለጥጆች፣ ካሎ የሚባል የሣር መሬት ከልለው ያቆያሉ። በነገሌ አቅራቢያ ባለው የሊበን ሜዳ የምትኖረውና ከመጥፋት አፋፍ የደረሰችው ሊበን ላርክ የተባለች ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ በሣር ሥር ነው። ሜዳው ሲታረስ፣ ከመጠን በላይ ሲጋጥ ወይም በቁጥቋጦ ሲወረር መኖሪያዋን ታጣለች። ለጥጃ የተጠበቀ ሣር ለእሷም መጠለያ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ብልሃት ግን ወሰን አለው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። ቦናን የሚሻገር እንስሳ፣ ቦና በቦና ላይ ሲደራረብ ይሸነፋል።

ስለዚህ መምህራንና ወላጆች ልጆችን ስለ በረዶ ከማስተማራቸው በፊት ስለ ቦና ቢያስተምሩ መልካም ነው። መጽሐፉ ባይኖር እንኳ ከብት ሲጠብቁ ያደጉ አያቶች አሉ፤ ልጆቹ እነሱን ይጠይቁ። የሚያውቀውን እንስሳ ለመጠበቅ የሚነሳ ልጅ የሚገኘው እንዲህ ነው።