ለስንት እንግዳ ስንት ኪሎ ዳቦ?

እንግዳ ሊመጣ ነው። ድፎ ዳቦ ይደፋል። ዱቄቱ ስንት ኪሎ ይሁን? ምጣዱስ ምን ያህል ይስፋ? ብዙዎቻችን ይህን በዓይን ግምት እንጨርሰዋለን። እኛም እንደዚያው ነበርን። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን ግን ግምታችን አሳፈረን።

የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ማኅበርተኞቹ 10 ነን። የ10 ሰው ዳቦ እናውቃለን። ምጣዳችን ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ነው። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት እናቦካለን፤ በኮባ ቅጠል ሸፍነን እንደፋለን። ወፈር ያለ 10 ቁራሽ ይወጣዋል።

የዚያን ቀን ግን ሰዉ 20 ሆነ። «ሰው እጥፍ ከሆነ ዱቄቱም ምጣዱም እጥፍ ይሁን» አልን። 2 ኪሎ አቦካን። ከጎረቤት 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ምጣድ ተዋስን። ሊጡ ዳር አልደርስ አለ። በእጃችን እየገፋን አዳረስነው። ሲበስል ዳቦው ቀርቶ ቂጣ ሆነ! ቄሱ ባርከው ሲቆርሱት ኮሽ አለ። እንግዳ ደግሞ ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ ይቆረጥማል። ዝምታው ነው የከበደን።

ማታ እርስ በርስ ተነታረክን። የወፍጮ ቤቱን ሰው «ዱቄት ቀንሶብናል» ብለን አማነው። ነገ ሄደን እንጠይቀው እስከ ማለት ደርሰን ነበር። አያታችን ከምድጃው ዳር ሆነው ሲሰሙ ቆዩና ሳቁ።

«እርሻ ቢሆን አትሳሳቱም ነበር» አሉ። «10 እርምጃ በ10 እርምጃ የሆነ ማሳ አንድ ቁና ዘር ቢወስድ፣ 20 በ20 የሆነው ስንት ይወስዳል?»

«አራት ቁና!» አልን ወዲያው። ትንሹ ማሳ በትልቁ ውስጥ አራት ጊዜ ይገባላ!

«ታዲያ ምጣዱስ?»

ለካ ምጣድም እንደ ማሳ ነው። ሲሰፋ በወርዱም በቁመቱም ይሰፋል። ክብ ቢሆንም ሂሳቡ ያው ነው። የምጣዱን ስፋት በራሱ እናባዛለን። 30 ጊዜ 30፣ 900 ነው። 60 ጊዜ 60፣ 3600 ነው። 3600 የ900 አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ትልቁ ምጣድ 4 ኪሎ ይፈልግ ነበር። የ40 ሰው ዳቦ ነው እንጂ የ20 አይደለም። የወፍጮ ቤቱ ሰው ምንም አልበደለንም።

ለ20 ሰውስ? በትንሹ ምጣድ ሁለት ጊዜ መድፋት ይቻላል፤ ማገዶው ግን ይበዛል። 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምጣድ ቢገኝ ይሻላል። 45 ጊዜ 45፣ 2025 ነው። ይህ ከ900 እጥፍ ትንሽ ይበልጣል፤ 2 ኪሎ ከሩብ ዱቄት ይበቃዋል። እሳቱ ብቻ ከላይም ከታችም እስከ ዳር ይዳረስ፤ መሃሉ አርሮ ዳሩ ሊጥ እንዳይሆን።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም 12 ቀን ተራው ተመልሶ ደረሰን። ምጣዱን በልብስ ሰፊው ሜትር ለካን፤ 45 ሆነ። 2 ኪሎ ከሩብ አቦካን። 22 ሰው መጣ። 22 ቁራሽ ቆረስን። አያታችን ቅርፊቷን ጨምሩልኝ አሉ።